በስቱኮ ስር ያለው ብረት፦ በመጥፎ ጥገና የተሸፈነ የድሮ ስፖርት መኪና ቦዲ አጠጋገን

ዝገት የበላው መኪና ቢያንስ ጉዱን አይደብቅም፤ ቀዳዳው እዚያው ይታያል። ራስ ምታቱ ከዓመታት በፊት አንዱ «አሳምሬ ሠርቼዋለሁ» ብሎ በስቱኮ ደፍኖ፣ ቀይ ቀለም ነፍቶ የሸጠው ነው። ከቃሊቲ እስከ ገላን፣ ከዓለም ገና እስከ ሰበታ ባሉ ግቢዎች ሸራ ለብሰው ከቆሙት የድሮ የጣሊያን መኪኖች መካከል እንዲህ ያለ ታሪክ የሌለው ማግኘት ቀላል አይደለም። ባለቤቱ ለፍቶ ገዝቶ፣ አንድ ክረምት ሳያልፍ ቀለሙ እንደ ቡግር ማበጥ ሲጀምር ግራ ይገባዋል።

ለምሳሌ የምወስደው ፊያት 124 ስፓይደርን ነው። የጣሊያኑ የመኪና ንድፍ ድርጅት ፒኒንፋሪና የነደፈው ይህ ጣሪያው የሚታጠፍ መኪና እ.ኤ.አ. በ1966 ቱሪን ላይ ለሕዝብ ታየ፤ ምርቱም እስከ 1985 ዘለቀ። እንደ ጭነት መኪና ለብቻው የሚቆም ሻንሲ የለውም፤ ቦዲው ራሱ ሻንሲው ነው። ብረት ጣሪያ ስለሌለው ደግሞ ጥንካሬውን በአብዛኛው የሚያገኘው ከወለሉና በሮቹ ስር በርዝመት ከሚያልፈው ደፍ ነው። ስለዚህ በዚህ መኪና ደፍ ላይ ስቱኮ ማለት የመልክ ጉዳይ አይደለም፤ መኪናው ጉድጓድ ሲመታ መሃሉ ላይ ይታጠፋል ወይስ አይታጠፍም የሚል ጥያቄ ነው። አልፋ ሮሜዮም ሆነ የቮልስዋገን ካርማን ጊያ ያላችሁ፣ ዝገቱ የሚወደው ቦታ ይለያይ እንጂ አሠራሩ ያው ነው።

መጀመሪያ ምርመራ

ግራይንደር ከማንሳታችሁ በፊት መኪናውን እጠቡና ጠዋት፣ ፀሐይ ገና ዝቅ እያለች ደጅ አውጡት። ከኋላ መብራቱ ጎን በርከክ ብላችሁ ወደ ፊት አሻግራችሁ ተመልከቱ። በፋብሪካ ቅርጹ ያለ ጎን ላይ የአጥሩ ነጸብራቅ ሳይቆራረጥ ይሄዳል፤ ስቱኮ በበዛበት ቦታ ግን ይሞገዳል። ከዚያ ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ከላይ ወደ ታች ጎትቱት። የሚይዝበትና የሚለቅበት ቦታ ልዩነቱ በእጃችሁ ይታወቃችኋል።

የቀለም ውፍረት መለኪያ የሚያውስ ካገኛችሁ ሥራው ይቀላል። የፋብሪካ ቀለም ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን አካባቢ ያነባል። አንድ ጊዜ በደንብ ተደርቦ የተቀባ ከ200 እስከ 300 ይደርሳል። ከ1000 ካለፈ ከስሩ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነገር አለ ማለት ነው፤ ያ ደግሞ ቀለም ሊሆን አይችልም። መለኪያው ምንም ካላነበበ ከስሩ ወይ በጣም ወፍራም ስቱኮ አለ፣ ወይም ጭራሽ ብረት የለም።

ስፓይደር ላይ መጀመሪያ የሚፈተሹት ቦታዎች እነዚህ ናቸው፦ የፊት ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለው የጭቃ መከላከያ) የታችኛው ጫፍ፣ ደፉ ሙሉ በሙሉ፣ የበሮቹ ግርጌ፣ ከኋላ ጎማ ፊትና ኋላ ያለው ላሜራ፣ የኋላ ሻንጣ ወለል። ከሁሉም በላይ ኮፈኑን ከፍታችሁ የፊት አሞርቲዘር (የንዝረት መቀነሻ) ላይኛው ጫፍ የሚታሰርበትን ቦታ እዩ። ይህ መኪና በዚያ ቦታ ዝገት ይታወቃል። ጫፉ ደነዝ በሆነ ካቻቢቴ ጫን ጫን አድርጉት፤ ከሰረጎደ ወይም ከተሰነጠቀ እስኪጠገን ድረስ መኪናውን አትንዱት።

የበሮቹን ክፍተትም ለኩ። ክፍተቱ ከላይ ጠቦ ከታች ከሰፋ፣ ወይም በሩ ሲከፈት ወደ ታች ወርዶ ሲዘጋ መነሳት ካለበት፣ ጥፋቱን ማጠፊያው ላይ ብቻ አትጣሉ፤ ቦዲው ራሱ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ያያችሁትን ሁሉ በጠመኔ መኪናው ላይ ምልክት አድርጉ፣ ፎቶ አንሱ፣ ክፍተቶቹንና የበሩን ቀዳዳ ሰያፍ ልክ (ከጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ) በሚሊ ሜትር ደብተር ላይ ጻፉ። በኋላ ሁሉም ነገር ተገፍፎ ሲራቆት መመለሻችሁ ይህ ደብተር ነው።

እዚህ ላይ ለራሳችሁ እውነቱን ተናገሩ። የፓራፋንጎ ጫፍና የበር ግርጌ በትዕግሥት የሚማሩበት ሥራ ነው። ደፍና የአሞርቲዘር መያዣ ግን መለማመጃ አይደሉም፤ ብየዳችሁን ካልተማመናችሁ ለባለሙያ ስጡና ሌላውን እናንተ ሥሩ።

ዕቃ መሰብሰብ

ለጥገና የሚሆነው ላሜራ ከ0.8 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጥቁር ላሜራ ነው፤ ለደፍ 1.2ም ይሆናል። የቤት ክዳን ቆርቆሮ አይሆንም። ዚንክ የተለበጠ ስለሆነ ብየዳው በደንብ አይይዝም፤ ጭሱም ማታ ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ትኩሳት ያስይዛል። ምናለሽ ተራ ዞር ዞር ካላችሁ ቁርጥራጭ ጥቁር ላሜራ በርካሽ ታገኛላችሁ፤ ሶማሌ ተራ ደግሞ ለማጠፊያ፣ ለበር ጎማና ለመሳሰለው ጥሩ ነው። የዚህ መኪና የራሱ ፓራፋንጎ እዚያ ይገኛል ብላችሁ ግን ተስፋ አታድርጉ።

ለብየዳ ሚግ ማሽን (ሽቦ እየመገበ በጋዝ ከለላ የሚበይድ) ከ0.6 ሚሊ ሜትር ሽቦ ጋር ይመረጣል። አርጎን የተቀላቀለበት ጋዝ የተሻለ ነው፤ ንጹሕ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይሠራል፣ ፍንጣሪው ግን ይበዛል። በየሰፈሩ ያለው የኤሌክትሮድ ብየዳ ለበርና ለመስኮት እንጂ ለመኪና ስስ ላሜራ አይሆንም፤ ወይ ይበሳዋል ወይ እንደ ሽሮ ይንተከተክበታል።

ለቀለም መንፊያ ኮምፕረሰር ስትገዙ ከሚያስፈልጋችሁ አቅም ከፍ ያለውን ምረጡ። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ስለሚሉ አየሩ ስስ ነው፤ ማሽኑ ላይ የተጻፈው አቅም እዚህ በሙሉ አይገኝም። መብራት ሲመጣና ሲጠፋ ደግሞ የቀለም ሥራ መሃል ላይ ሊቆም ስለሚችል ታንኩ ሰፊ ቢሆን ይሻላል።

መኪናውን መደገፍ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው። ጣሪያ የሌለው መኪና ደፉ ሲቆረጥ ወዲያው መሃሉ መርገብ ይጀምራል። ያንን ሳታውቁ አዲስ ደፍ ከበየዳችሁ የረገበውን ቅርጽ ለዘላለም አሰራችሁት ማለት ነው፤ በሩም ከዚያ በኋላ በምንም አይዘጋም።

ስለዚህ መኪናውን በደልዳላ ሜዳ ላይ፣ የፊትና የኋላ ጎማዎቹን በሚሸከመው ብረት ስር በጠንካራ ማቆሚያ አስቀምጡት። በክሪክ (መኪና ማንሻ) ላይ ብቻ አታቁሙት። በሩን አውርዳችሁ የበሩን ቀዳዳ ከፊት ማጠፊያ እስከ ኋላ መቆለፊያ አራት ማዕዘን ቱቦላሬ በይዳችሁ ወይም በቡሎን አስራችሁ ወጥሩት፤ አንዱን ቀጥ አድርጋችሁ፣ ሌላውን በሰያፍ። ከግራ በር ወደ ቀኝ በርም አንድ አገናኙ። ከዚያ ሰያፍ ልኮቹን ለኩና ከደብተሩ ጋር አስተያዩ። አንዱን ደፍ ቆርጣችሁ ሳትጨርሱ ሌላውን አትንኩ።

የባትሪውን ገመድ ንቀሉ። ሰልባትዮውን (የነዳጅ ታንኩን) አውርዳችሁ ከግቢው አርቁ፤ ባዶ ሰልባትዮ ከሞላው ይልቅ ለፍንዳታ ይፈጥናል፣ ጋዙ ውስጡ ስላለ። የወለሉን ምንጣፍና ሬንጅ መሰሉን ድምፅ ማፈኛ አንሱ፤ ሲሞቅ ይቀጣጠላል። የፊት መስታወቱን በእርጥብ ብርድ ልብስ ሸፍኑ፤ የግራይንደር ፍንጣሪ መስታወት ላይ ተጣብቆ አይለቅም። የእሳት ማጥፊያና አንድ ባልዲ አሸዋ አጠገባችሁ ይሁን፤ ከብየዳ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል ቆዩና ተመልከቱ።

ስቱኮውን ማንሳት

ስቱኮ በግራይንደር ሲፈጭ ሰፈሩን ሁሉ ያለብሳል፤ ብረቱንም አሙቆ ያጣምመዋል። የተሻለው መንገድ በሞቃት አየር መንፊያ ቀስ አድርጎ ማለስለስና በስፓቱላ መላጥ ነው። ፖሊስተር ስቱኮ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ብዙ ጊዜም በትልቁ ይነሳል። ደጅ ላይ ሥሩት፤ ሽታው መልካም አይደለም። የቀረውን ቀጭን ሽፋን በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጨርሱት። አፍና አፍንጫችሁን በደንብ ሸፍኑ፤ በዚያን ዘመን ቀለሞችና በአንዳንድ የድሮ መኪኖች መጋጠሚያ ላይ እርሳስ ሊኖር ስለሚችል ብናኙን ከመጥረግ ይልቅ በውኃ አርጥባችሁ ሰብስቡት፣ ልጆችም አይቅረቡ።

ከስሩ የሚወጣው ነገር አንዳንዴ ያስቃል። ከኋላ ጎማ ኋላ ያለውን ጥግ አስቡት፦ ላዩ ቀይ ቀለም፣ ከስሩ ግራጫ ፕራይመር፣ ከዚያ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ስቱኮ፣ ከስቱኮው ውስጥ የወንፊት ሽቦ፣ ከሽቦው ኋላ በሪቬት የተመታ የክዳን ቆርቆሮ ቁራጭ፣ ሞገዱ ሳይቃና። ከቆርቆሮው ኋላ ደግሞ ጭቃና የዛገ ቅርፊት ተጠቅጥቆ እርጥብ እንደሆነ ተቀምጧል። ስቱኮ ውኃ ይመጥጣል፤ ከውስጥ የገባው እርጥበት መውጫ አጥቶ ያልዛገውን ብረት ከኋላ መብላቱን ይቀጥላል። ላይ ላዩ ደህና ሆኖ ሲያበጥ የምታዩት ይህንን ነው።

ቢጫ መስመር ካያችሁ የነሐስ ብየዳ ነው። ነሐስ ባለበት ላይ በሚግ አትበይዱ፤ ነሐሱ ቀልጦ ወደ ብረቱ ስለሚገባ ይሰነጠቃል። ነሐስ የነካውን ሁሉ ቆርጣችሁ አውጡ። ትርፍ ላሜራ በላሜራ ላይ ተደርቦ ካገኛችሁም የላይኛውን ብቻ ሳይሆን ሁለቱንም አንሱ።

መቁረጥና መበየድ

ዝገቱ ያለቀበት የሚመስላችሁን መስመር አስምሩ፤ ከዚያ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ጤነኛው ብረት ግቡ። ብየዳ ስስ የዛገ ጠርዝ ላይ አይቆምም፤ ሲነኩት ቀዳዳው እየሰፋ ይሄዳል። በ1 ሚሊ ሜትር ስስ ዲስክ ቁረጡ፤ ጥጎቹን ሹል አታድርጉ፣ ክብ አድርጉ።

ለመጠገኛው ላሜራ በካርቶን ቅርጽ አውጡ። ካርቶኑ በትክክል ሲገጥም ላሜራው ላይ አስምራችሁ ቁረጡ፤ በሞርሳ ላይ አጥፉት፣ ክብ ቅርጹን በአሸዋ በተሞላ ከረጢት ላይ በእንጨት መዶሻ አውጡት። መጠገኛው ላሜራ ሳይበየድ በቦታው ሲቀመጥ በዙሪያው እኩል የሆነ ጠባብ ክፍተት ብቻ ይኑር፤ ከላሜራው ውፍረት አይብለጥ። ለዚህ የምታጠፉት ሰዓት ከብየዳውም ከስቱኮውም ሰዓት ይቀንስላችኋል። ባቲላሜራ (የመኪና ቦዲ ጠጋኝ) ማለት ለእኔ እዚህ ላይ የሚታገሥ ሰው ነው።

ጠርዝ ለጠርዝ ግጠሙ፤ አትደራርቡ። ተደራርቦ የተበየደ ላሜራ በመሃሉ ውኃ ይይዛል። ብየዳውን በአንድ መስመር አትሳቡት። በአንዱ ጥግ አንድ ነጥብ፣ በተቃራኒው ጥግ አንድ ነጥብ፣ በመሃል አንድ፣ እያላችሁ በ2 እና 3 ሴንቲ ሜትር ርቀት ያዙት። ቀጣዩን ነጥብ ከማድረጋችሁ በፊት ያለፈው በእጅ ሲነካ የማያቃጥል ይሁን። ሰፊ ሜዳ የሆነ ላሜራ፣ እንደ በር ወይም ኮፈን፣ በሙቀት ከተጣመመ ሲጫኑት «ጧ» ብሎ የሚገባና የሚወጣ ይሆናል፤ ያንን መመለስ ከመበየዱ ይከብዳል።

ፋብሪካው በነጥብ ብየዳ ያገናኛቸውን ክፍሎች፣ ለምሳሌ የደፉን ጠርዝ፣ ከላይኛው ላሜራ ላይ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በድሪል ከፍታችሁ ከታችኛው ጋር በመሙላት በይዱ። ከመዝጋታችሁ በፊት በሁለቱ መካከል ብየዳ የሚችል የዚንክ ፕራይመር ቀቡ። የደፉ የውስጥ ክፍል ሳይሠራ የውጪው አይዘጋ።

በየመሃሉ በሩን መልሳችሁ ስቀሉ። የመጨረሻውን ብየዳ ከመጨረሳችሁ በፊት በሩ በሰላም መዘጋቱን ካላያችሁ፣ ከጨረሳችሁ በኋላ ማየቱ ምንም አይጠቅምም። የክፍተት ማስተካከያው ተራ ከማይንቀሳቀሰው ይጀምራል፦ በሩ ለኋላ ጎኑ ይስተካከላል፣ ቀሪው ለበሩ።

መዶሻው

ብየዳ ሲበርድ ይሸበሸባል፤ መስመሩም ወደ ውስጥ ይስባል። የተበየደውን ጉብታ በቀጭን ዲስክ ከብየዳው ላይ ብቻ ፍቁ፣ ዙሪያውን ሳታሳሱ። ከዚያ ከኋላ ለስላሳ ፊት ያለው መደገፊያ ብረት ይዛችሁ በመዶሻ ብየዳው ላይ በቀላሉ ምቱት። መዶሻውና መደገፊያው ፊት ለፊት ሲገናኙ ብረቱ በትንሹ ይለጠጣል፤ የተሸበሸበውም ይለቃል። ጉብ ያለውን ለማውረድ ግን መደገፊያውን ከጎኑ ዝቅ ባለው ስር አድርጋችሁ ጉብታውን ምቱ። በመዳፍ፣ በስስ ጓንት ላይ ሆናችሁ ዳስሱ፤ ዓይን የማያየውን መዳፍ ያገኘዋል።

ለባለሙያ ከሰጣችሁ ከመነሻው ተስማሙ። «ጋሼ፣ ስቱኮ ከመንካታችሁ በፊት ብረቱን ልየው» በሉ፤ ክፍያውንም በየደረጃው አድርጉት፣ አንዱን ድርሻ ራቁቱን ብረት ካያችሁ በኋላ። ጥሩ ባለሙያ በዚህ አይቀየምም። የሚቀየም ካለ ምክንያቱ ይገባችኋል።

ኢፖክሲ፣ ከዚያ ስስ ስቱኮ

ራቁት ብረት በክረምት አንድ ሌሊት ካደረ ጠዋት ቡናማ ነው። ስለዚህ በቲነር ካጸዳችሁት በኋላ በዚያው ቀን ሁለት አካል ያለው (ከማድረቂያው ጋር ተቀላቅሎ የሚነፋ) ኢፖክሲ ፕራይመር ንፉበት። ዝገት ማጥፊያ ፎስፎሪክ አሲድ ከተጠቀማችሁ በውኃ በደንብ ታጥቦ ደርቆ ይሁን፤ አሲድ ላይ ኢፖክሲ አይይዝም። ስቱኮም አሲድ ባለው ፕራይመር ላይ በቀጥታ አይደረግም።

ኢፖክሲው ሲደርቅ በ180 ቁጥር ሻክሩትና ስቱኮውን በላዩ አድርጉ። ማድረቂያው ከክብደቱ 2 በመቶ አካባቢ ነው። ቀለሙ እኩል እስኪሆን በጠፍጣፋ ነገር ላይ ተጭናችሁ አሹት እንጂ አትምቱት፤ አየር ከገባበት በኋላ ነጠብጣብ ቀዳዳ ይሆናል። «ቶሎ ይድረቅ» ብላችሁ ማድረቂያ ብታበዙ ከወራት በኋላ በቀለሙ ላይ ነጠብጣብ ሊያወጣ ይችላል። ሲጠናቀቅ የስቱኮው ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር፣ ቢበዛ 3 ይሁን። ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ ወደ መዶሻው ተመለሱ።

ለመጥረግ ረጅም ጣውላ ላይ የተለጠፈ ብርጭቆ ወረቀት ተጠቀሙ፤ በጣት ተይዞ የተጠረገ ስቱኮ ሁልጊዜ ይሞገዳል። በ80 ጀምራችሁ ወደ 120፣ ከዚያ 180፤ በሰያፍ ወዲያና ወዲህ። በላዩ ስስ ጥቁር ቀለም በስፕሬይ ረጭታችሁ መልሳችሁ ስትጠርጉ፣ ጥቁሩ የሚቀርበት ቦታ ዝቅ ያለው ነው። ስቱኮን በውኃ አትጥረጉ፤ ይመጥጠዋል። ውኃው ለፕራይመርና ለቀለሙ ነው። የላሜራ መጋጠሚያዎችን ኢፖክሲው ላይ በማሸጊያ ማስቲሽ ዝጉ፤ ግን የፋብሪካውን የመጋጠሚያ መስመር ደፍናችሁ አታጥፉ። ልምድ ያለው ገዢ መጀመሪያ የሚፈልገው ያንን መስመር ነው።

ቀለም

አሮጌው ቀለም የቀረበት ቦታ ካለ ቲነር የነካ ጨርቅ አድርጋችሁ አሹት። ቀለሙ ጨርቁ ላይ ከለቀቀ ናይትሮ (በቲነር የሚሟሟ የድሮ ዓይነት ቀለም) ሳይሆን አይቀርም፤ በላዩ ጠንካራ ቲነር ያለው አዲስ ቀለም ከተነፋ ሊያነሳውና ሊሸበሽበው ስለሚችል እስከ ታች ማንሳቱ ይሻላል።

ሁለት አካል ባለው ዘመናዊ ቀለም ማድረቂያ ውስጥ ያለው አይሶሲያኔት ሳንባን ይጎዳል፤ የሚያደርሰው አስምም ላይለቅ ይችላል። የኮቪድ ጊዜ ጭንብል ምንም አያደርግም። ከውጭ ንጹሕ አየር የሚያመጣ ጭንብል ካላገኛችሁ ይህን ክፍል ለቀለም ቤት ተውት።

ራሳችሁ የምትቀቡ ከሆነ ወቅቱን ምረጡ። ከሰኔ እስከ መስከረም እርጥበቱ አያስቀባም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሊወርድ ስለሚችል ኢፖክሲውም ቀለሙም መድረቁን ያቆማል፤ ጠዋት ደግሞ ብረቱ ላይ ጤዛ ይቀመጣል። በየካቲትና በመጋቢት የከተማ ዳር ኮረኮንች መንገድ አቧራው ከሰዓት በኋላ ይነሳል። ጥሩው ሰዓት ጤዛው ከለቀቀ በኋላ፣ ከቀትር በፊት ነው፤ ወለሉን ውኃ ረጭታችሁ። ቀኑ ሲሞቅ ዘገም ብሎ የሚተን ቲነር ተጠቀሙ።

ከውስጥ መዝጋት

በብዙ የቀድሞ ጥገና ላይ የጎደለው ይህ ነው። ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ደፉ፣ የበሩ ግርጌና የጎኖቹ ውስጥ ፈሳሽ ሰም በቀጭን ቱቦ ይረጫል፤ በመጋጠሚያዎቹ ጫፍ ጠብ ጠብ ሲል ደርሷል ማለት ነው። ከዚህ በፊት የበሩና የደፉ ውኃ ማስወጫ ቀዳዳዎች በስቱኮ ወይም በቀለም መደፈናቸውን እዩና በሽቦ ክፈቱ። ሰሙን ከረጫችሁ በኋላም እንደገና ክፈቷቸው።

ከመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ በኋላ ምንጣፉን ሳትመልሱ ወለሉን በእጃችሁ ዳስሱ። ከፊት በኩል ከረጠበ የፊት መስታወቱን ጎማና ከኮፈኑ ኋላ ያለውን የአየር ማስገቢያ ፈትሹ፤ ከበሩ ጎን ከሆነ የበሩን ጎማ፤ ሻንጣው ውስጥ ከሆነ የሚታጠፈው ጣሪያ የሚያርፍበትን ጥግና የኋላ መብራቶቹን ማሸጊያ። ወለሉ ሁለት ዝናብ ደርቆ ካለፈ ምንጣፉን መልሱ።